አርባ አንድ ራይት

"የቤተሰቡ አባላት በሙሉ ያዳምጡ! እናት ለሃያ ደቂቃ ስፖርት ልትሠራ ነው!"

አዋጁን ያስነገረው ባልየው ነው። ሙያው የስፖርት መምህር ነው፤ ለጊዜው ግን በአንድ እግሩ ካልሲ፣ በሌላው ባዶውን ሶፋ ላይ ቆሟል። አዋጁን በፊሽካ አጸናው። የስምንት ወሩ ሕፃን ደንግጦ አለቀሰ። ሚጡ የሚሏት የአራት ዓመቷ ልጃቸው አጨበጨበች። አማትየው ስልካቸውን ከጆሯቸው ሳያነሱ ከማእድ ቤት፣ "በርቺ ልጄ!" አሉ።

ሲስተር ወለል ላይ ተዘርግቶ ወዳደረው የስፖርት ምንጣፏ ጎንበስ አለች። ነርስ ስለሆነች በሥራ ቦታም በሰፈርም ሲስተር ነው የምትባለው። ምንጣፉ ሲገዛ ሰማያዊ ነበር፤ አሁን ቀለሙን በእርግጠኝነት የሚመሰክር ሰው የለም። መሐሉ ላይ ሕፃኑ ያስታወከው ወተት ደርቋል፤ ዳር ዳሩ ላይ የተዳጠ ሙዝ ጠቁሯል፤ አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ ግማሽ ብስኩት ከፀጉር ጋር ተጋብቶ ኑሮ መሥርቷል። ምንጣፉን ስትገልጥ ከስሩ እርጥብ ነገር እጇ ላይ ተለጠፈ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንዴ፣ ካልሲዬ! ስፈልገው ነበር እኮ። ትናንት የትንሹ ዳይፐር ሲያፈስ በሱ ነው የጠረግኩት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ይድረቅ ብዬ ከስር ሸጎጥኩት።"

"ከስር ነው የሚደርቀው?"

"ቀስ እያለ ይደርቃል፣ የኔ ጀግና።"

አሥር ዓመት ሙሉ የመገለ ቁስል ስታጥብ አፍንጫዋን ያዝ አድርጋ አታውቅም። አሁን ግን ያዘች። ያስጠላት ካልሲው ብቻ አልነበረም፤ "የኔ ጀግና" የሚለው ነገር ባሰባት።

ሁለተኛውን ልጅ ከወለደች ወዲህ ወገቧ አልጠና ብሏታል። ሆስፒታሉ ስድስት ሳምንት ሰጥቷታል፤ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ። ወገቧ ከበረታ ሰኞ ወደ አጥንት ክፍሏ ትመለሳለች፤ ሕመምተኛ ታነሳለች፣ ታገላብጣለች። ካልበረታ መመደቢያዋ ካርድ ክፍል ነው፤ ሰው የማይነካበት፣ ቀኑን ሙሉ አቧራ የሚበላበት ቦታ። የሚወስነው የሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ ቤቱ በዚያው መንገድ ስለሆነ ዛሬ ጎራ ብሎ አይቷት ይፈርማል።

ባልየው የስፖርት መምህር ነውና ገና በመጀመሪያው ቀን ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፏል። ሦስት ዓምድ አለው፦ "እናት ሠርታለች"፣ "አባት ልጆች ይዟል"፣ "አያት አግዘዋል"። ዛሬ አርባ ሁለተኛው ቀን ነው፤ አርባ አንዱ መስመር በራይት ጢም ብሏል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ ያለው ግን ውሸት ነው። ሦስቱም ያውቃሉ። አንዱ የሌላውን አያነሳም፤ የራሱ እንዳይነሳበት።

እሷም ራሷ አንዴ፣ ሙቀት ሳትለካ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት ብላ የሞላችን ተማሪ ነርስ በሕመምተኞች ፊት፣ "ሳይለካ ከተጻፈማ ሬሳም ጤነኛ ነው!" ብላ አስለቅሳታለች። ፍሪጁን በከፈተች ቁጥር የዚያች ልጅ ፊት ይመጣባታል።

የበሩ ደወል ጮኸ። ካልሲውን የምታደርስበት ብታጣ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

"እንዴት ዋላችሁ! ሲስተር፣ አምሮብሻል እኮ" እያለ ፊዚዮቴራፒስቱ ገባ። ዶክተር አይደለም፤ ዶክተር ሲሉት ግን አይከለክልም። በቀጥታ ወደ ፍሪጁ ሄደ። "አርባ አንድ ከአርባ አንድ! ይሄን ወረቀት ለሌሎች ማሳየት አለብኝ።"

"ዲሲፕሊን ነው ዶክተር" አለ ባልየው ፊሽካውን እያሻሸ። "ይሄ ቤት እንደ ካምፕ ነው።"

"እኔም ብሆን ያችን ሃያ ደቂቃ ትንሹን ከክንዴ አላወርድም" አሉ አማትየው፣ ትንሹን ወለል ላይ በእግራቸው መለስ እያደረጉ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ቅጹን አወጣ፤ እስክሪብቶውን ጠቅ አደረገ። ወገቧን በጣቱ ጫፍ እንኳ አልነካም።

"እኔም ስፖርት እችላለሁ!" አለች ሚጡ።

"እሰይ! እስቲ አሳዪኝ የኔ ቆንጆ" አለ እየሳቀ።

ሚጡ ፊሽካውን ካባቷ አንገት አውልቃ ነፋች። ምንጣፉን እየጎተተች፣ በሩ ክፍት ሆኖ ሁሉም እያያት መታጠቢያ ቤት ገባች። "መጀመሪያ በር ይቆለፋል" ብላ በአየር ላይ ቁልፍ አዞረች። የተገለበጠው ባልዲ ላይ ተቀመጠች። ከሳሙናው ዕቃ ጀርባ የብስኩት ፓኮ አውጥታ አንዱን ቀስ ብላ በላች። ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና፣ "ኡፍፍፍ፣ እስቲ አንዴ ተዉኝ" አለች፤ የእናቷ ድምፅ ቁርጥ። በመጨረሻ ቧንቧውን ከፍታ ግንባሯንና አንገቷን አራሰች።

"ይሄ ላቡ ነው" ስትል አስረዳች።

በዚህም አላበቃችም።

"አባዬ ደግሞ እንዲህ ነው የሚይዘን።" ሶፋው ላይ ተጋድማ ትራስ ፊቷ ላይ አደረገች፤ አንድ እጇን ዘርግታ፣ "ስልኩን እንኩ፣ ድምፁን ቀንሱት!" አለች። ቀጥላ መዳፏን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ "የለም አንቺ ቀጥይልኝ፣ ሕፃን ነው የሚያለቅሰው፣ ሲደክመው ይተዋል።" ይቺኛዋ ማን እንደሆነች መናገር አላስፈለጋትም።

አማትየው የሻሻቸውን ጫፍ ማስተካከል ጀመሩ። ባልየው ባዶ እግሩን ከካልሲያሙ ጀርባ ደበቀ።

ፊዚዮቴራፒስቱ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ልጆች ፈጠራ ይወዳሉ... ለማንኛውም ሲስተር፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው። እኔ የማየው ወረቀቱን ነው። ልፈርም?"

ዓይኗ እስክሪብቶው ላይ ቀረ። ሰኞ ጠዋት ታያት፤ ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ በሁለት እጁ አንገቷን ጭምድድ አድርጎ ይዞ፣ እሷም "አይዞዎት አባባ፣ ይዤዎታለሁ" ስትለው፣ ወገቧ መሐል ላይ ሲከዳት።

"አምጣው" አለችና እስክሪብቶውን ከእጁ ወሰደች።

ሆስፒታል ውስጥ የተሳሳተ ነገር አይፋቅም፤ ከስሩ እንዲነበብ በአንድ መስመር ይሰረዛል፣ እውነቱ ይጻፋል፣ ይፈረማል። ከአራተኛው ቀን አንስታ በዓምዷ ላይ እስከ ታች አንድ መስመር አወረደች። ከጎኑ "አልተሠራም" ብላ ጽፋ ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን ለባሏ ሰጠችው፤ ካልሲውንም ከኪሷ አውጥታ በሌላው እጁ ላይ አኖረችለት።

"የኔ ጀግና፣ እንግዳ ፊት..." ሲል ጀመረ።

"በአንዱ ፈርም፤ አንዱን እጠብ።"

የመታጠቢያ ቤቱን በር እንደተከፈተ ትታ ምንጣፉን ጎትታ ሳሎኑ መሐል ዘረጋችው። ሽታው መጣ። አፍንጫዋን ሳትይዝ በጀርባዋ ተጋደመች፤ ሁለት እግሯን አንድ ላይ አነሳች።

"ቁጠር" አለችው ፊዚዮቴራፒስቱን።

"አንድ... ሁለት... ሦስት..." እግሯ እንደ ቄጤማ ተንቀጠቀጠ። "አራት..." እግሯ ወደቀ።

ባልየው ፈርሞ እስክሪብቶውን ፍሪጁ ላይ ትቶ ሄዷል፤ ከመታጠቢያ ቤት የካልሲ እጥበት ይሰማል። ሲስተር እያለከለከች ተነሳች፤ ግንባሯን በእጅጌዋ ጠረገች። ይሄኛው የቧንቧ ውሃ አልነበረም። በአርባ ሁለተኛው መስመር ላይ ራይት አላደረገችም፤ "አራት" ብላ ጻፈች።