አፈሙዙን ወዴት ታዙረው

ወለሉ ላይማ አይሆንም፣ ከፊት ያለችው ሕፃን እየዳኸች በየወንበሩ ሥር የሰው ቦርሳ ትበረብራለች፣ ባለፈው እሑድ የሰባኪውን ሚስት የከንፈር ቀለም ግማሹን በልታዋለች፣ ስለዚህ ጭኗ ላይ፣ እሺ ጭኗ ላይ ይሁን፣ ግን ወዴት ዞሮ? ቦርሳውን ወደ ግራ ብታዞረው አፈሙዙ የሚያየው መዘምራኑን ነው፣ በተለይ ያቺን ቀጭን ድምፅ የምታወጣውን፣ ዜማው ሁልጊዜ አንድ እርምጃ ቀድሟት የሚሄድባትን፣ እዚያ ላይ ትንሽ ቆየት አደረገችው፣ ይቅር በለኝ ጌታዬ፣ አዞረችው። ወደ ቀኝ ሰባኪው። ወደ ታች የገዛ እግሯ። ወደ ላይ፣ ወደ ላይማ ማን እንዳለ ይታወቃል።

ሃያ ዓመት መድኃኒት ቤት ከፍታ የኖረች ሴት፣ መርዙንም ፈውሱንም በየመደርደሪያው ለይታ የምታውቅ፣ ሰፈሩ ሁሉ ዶክተር እያለ የሚጠራት፣ ዶክተር አይደለሁም ብላ ብላ የሰለቻት፣ ዛሬ መጽሐፍ ቅዱስና ሽጉጥ በአንድ ቦርሳ ይዛ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። በመሐላቸው መሐረብ አድርጋለች። እንዳይነካኩ።

የወንድሟ ሥራ ነው፣ የጋሼ፣ ሠላሳ ዓመት ፖሊስ ሆኖ በጡረታ የወጣ፣ ዛሬም አልጋው ላይ ቀጥ ብሎ የሚተኛ። እግዚአብሔር ይጠብቀኛል ስትለው፣ ይጠብቅሻል፣ ማን እምቢ አለ፣ ጴጥሮስም ከጌታ ጋር እየዋለ እያደረ ወገቡ ላይ ሰይፍ ነበረው፣ ለጌጥ ነው? አላት። በሰይፉ የሰው ጆሮ ቆረጠበት እኮ ጋሼ፣ ጌታም ወደ ሰገባው መልስ አለው። መልስ አለው እንጂ ጣል አላለውም፣ አለ ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ሲያነብ አይታው የማታውቀው ጋሼ፣ ለክርክር ሲሆን ግን ምዕራፍና ቁጥር ከየት እንደሚያመጣ እንጃ። ልብሱን ሽጦ ሰይፍ ይግዛ የሚል አለ፣ ሰይፍ የሚያነሡ በሰይፍ ይጠፋሉ የሚልም አለ፣ ሌሊቱን ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርጋ አንብባለች፣ ሁለት ሐኪም ለአንድ በሽተኛ የጻፉት ማዘዣ መሰላት፣ እንዲህ ዓይነት ወረቀት ሲመጣባት ስልክ አንስታ ሐኪሙን ትጠይቃለች፣ ይሄንን አብሮ መውሰድ ይቻላል ወይ ብላ፣ እዚህ ላይ ግን ለማን ትደውላለች?

አራት ወር ሆነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ምሳ ሰዓት፣ አንድ ወጣት ገባ፣ የሳል መድኃኒት አለሽ? ሞልቷል፣ ደረቅ ነው አክታ ያለው? ደረቅ። ጠርሙሱን አውርዳ ዞር ስትል ቢላ። ረጅም ቢላ፣ ግራ እጁ ላይ፣ እያሳለ መሳቢያውን ጠርጎ ስልኳን ኪሱ ከተተ፣ ጠርሙሱንም ያዘ፣ በሩ ላይ ሲደርስ እሷ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ ከመጠጣትህ በፊት ነቅንቀው! ሰውየውም ዞሮ፣ እሺ፣ አመሰግናለሁ። ይህን ለጋሼ ስትነግረው ሳቀ፣ ጎረቤቶቿም ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች፣ ከዚያ ቤቷ ገብታ በሩን ቆልፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ እስኪመሽ አልተነሣችም። ያንን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ የሱቁ በር በተከፈተ ቁጥር መጀመሪያ የምታየው የገባውን ሰው ግራ እጅ ነው፣ አንዲት እናት ለልጇ የትኩሳት መድኃኒት ልትገዛ ስትገባ እንኳን። ለሽጉጡ ፈቃድ ቅጽ ስትሞላ፣ ምክንያት የሚለው ላይ ፍርሃት ብላ ጻፈች። ጸሐፊው መነጽሩን ወደ አፍንጫው ዝቅ አድርጎ፣ እህቴ፣ እንዲህ አይጻፍም፣ ብሎ ሰረዘና ራስን ለመከላከል የሚል ጻፈበት። ወንጌሉ ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል ይላል። ጸሐፊው በእስክሪብቶ ጣለው።

እንጸልይ። ጉባኤው ይነሣል፣ መጽሐፍ ቅዱሷን አውጥታ ወንበሩ ላይ አድርጋ ትነሣለች፣ ቦርሳው ክንዷ ላይ ይወዛወዛል፣ ከጎኗ ያለችው አስተማሪ፣ የሠላሳ ዓመት ጓደኛዋ፣ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ሁሉም ጨፍኗል፣

ሳል።

ከኋላዋ። ደረቅ፣ ሁለቴ አጠር አጠር፣ ሦስተኛው ረዘም። ሌላው ሰው ሰውን በመልኩ ያውቃል፣ እሷ በሳሉ ታውቃለች፣ ይህን ሳል ታውቀዋለች፣ ኧረ አይሆንም፣ ለምን አይሆንም፣ ሌባ ቤተ ክርስቲያን አይመጣም ያለው ማነው፣ የተሰቀለውስ ከማን ጋር ነው የተሰቀለው? እጇ ቦርሳው ውስጥ ገብቷል፣ ማን አስገቢ አላት፣ መሐረቡን አልፏል፣ ብረቱ ይቀዘቅዛል። በትከሻዋ በኩል ቀስ ብላ ታያለች፣ ቡናማ ኮት፣ እጅ፣ እጁ ወደ ኮቱ ውስጥ ይገባል፣ የጋሼ ድምፅ ጆሮዋ ላይ፣ መጀመሪያ የሽጉጧን መቆለፊያ፣ አውራ ጣትሽ ሥር ናት፣ አውራ ጣቷ ያገኛታል፣ ቀጭ፣ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ፣ አባታችን ሆይ፣ እጁ ይወጣል፣ ከክፉ አድነን፣ ይወጣል፣

ወረቀት ይንኮሻኮሻል።

እህቴ፣ ይላታል በሹክሹክታ፣ ሲያንቀጠቅጥዎት አይቼ ነው፣ ከረሜላ ልስጥዎት? ስድሳ አምስት ዓመት፣ ነጭ ጺም፣ የተላጠ የከረሜላ ወረቀት በቀኝ እጁ፣ ሌባው ሠላሳ አይሞላውም ነበር፣ ግራኝ ነበር፣ ይህ ሰው ያንን ሰው የሚመስለው ሁለቱም ሳንባ ስላላቸው ብቻ ነው። በግራ እጇ ከረሜላውን ትቀበላለች። ቀኝ እጇ አሁንም ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ጣቷ ቃታው ላይ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ ትላለች። አፏ ውስጥ ታደርገዋለች። ሎሚ ሎሚ ይላል።

መቆለፊያዋ ተከፍታለች። ወደየት ነበር የምትዘጋው? ወደ ላይ? ወደ ታች? ጋሼ ሦስት ቀን አሠልጥኗት የለ፣ ቀዩ ነጥብ ከታየ ምን ነበር፣ ቀይ ማለት ተጠንቀቅ ነው ወይስ ቁም? እጇን ብታወጣ ቃታው በአንዱ ነገር ተይዞ ቢሳብስ፣ ዝም ብላ ብትይዛትስ፣ ትያዛት፣ አትንቀሳቀሺ። ስብከቱ ይጀመራል፣ አርባ ደቂቃ፣ ስለ ትዕግሥት። ከዚያ መዘምራኑ ይነሣሉ፣ መሪያቸው በፈገግታ፣ ሁላችንም ሁለት እጃችንን ወደ ሰማይ! አምስት መቶ ሰው አንድ ሺህ እጅ ያነሣል፣ አንድ ሲቀር። ምነው፣ ታመሽ እንዴ? ትላለች አስተማሪዋ። ትከሻዬን። አይዞሽ፣ እኔ ልይዝልሽ፣ ቦርሳሽን ወዲህ በይ። አትንኪው! ሦስት ረድፍ ዞሮ ያያታል። አስተማሪዋ እጇን ትሰበስባለች፣ ዓይኗ ውስጥ ቅያሜ አለ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጮኻባት አታውቅም።

ስብሰባው ሲያልቅ በጎን በር ወጥታ የመዘምራን ልብስ የሚሰቀልበት ጠባብ ክፍል ትገባለች፣ በግራ እጇ ትደውላለች። ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚቆለፈው? የት ነሽ? ቤተ ክርስቲያን። ማንን ልትመቺ ነው? ጋሼ በእናትህ! እሺ እሺ፣ ጣትሽን ከቃታው አውጪ፣ አወጣሽ? አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት፣ አሁን ቁልፏን ወደ ላይ። ቀጭ። የጥይት ካዝናውን አውጪ፣ ውስጥ የጎረሰ ጥይት እንዳለ እይ። አለ። ጀርባውን ወደ ኋላ ስበሽ አውጪው። ወጣ። በቃ፣ ባዶ ብረት ነው። ጋሼ፣ ና ውሰድልኝ። ምን ሆነሽ? ና ብያለሁ።

ስልኩን ትዘጋለች፣ በተሰቀሉት ነጫጭ ልብሶች መሐል ትቆማለች። አራት ወር ሙሉ በየጠዋቱ አንድ ጸሎት ነበራት፣ ጌታ ሆይ ከሰው ጠብቀኝ። ዛሬ ጠበቀ። ያንን ሽማግሌ ከእሷ ጠበቀው። አንድ ከረሜላ ልጦ ለማያውቃት ሴት የሰጠ ሰው፣ ወረቀቱ ባይንኮሻኮሽ፣ አንዲት ትንፋሽ ብትቀድመው፣ ልጆች ይኖሩታል፣ የልጅ ልጅ፣ ዛሬ እቤት ምሳ የሚጠብቁት።

በሩ ይንኳኳል። ሽማግሌው ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዟል፣ ወንበር ላይ ረስተውት፣ ይላል፣ ባርኔጣው ብብቱ ሥር ነው። አሁን ዝም ብለሽ ተቀብለሽ አመስግኚና ሂጂ። አፏ ግን አይሰማትም፣ ዛሬ ልገድልዎት ነበር፣ ትላለች። ሰውየው ያያታል፣ ጆሮው እስኪቀላ ያፍራል፣ ፈገግ ይላል፣ እኔስ ልደብቅዎት? ይላል፣ እርስዎ ገብተው ሲቀመጡ ነው የተገደልኩት። ወይ ጉድ። ወይ የኔ ነገር። አይደለም አባቴ፣ በእውነት ነው፣ ቦርሳውን ትከፍትለታለች። ሰውየው አጎንብሶ ያያል፣ ፈገግታው ፊቱ ላይ የሚሄድበት አጥቶ ይቆያል፣ ከዚያ እዚያው የሙዚቃ መሣሪያ ሣጥን ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ሁሉንም ትነግረዋለች፣ ቢላውን፣ ሳሉን፣ ለማንም ያልነገረችውን ወለል ጭምር። ስትጨርስ፣ እኔም ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ማታ ማታ በሩን አራት ጊዜ ነው የማየው፣ ይላል፣ የሚሰረቅ ነገር ግን የለኝም።

አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማለች፣ መቼ እንደመጣች እንጃ፣ ቅያሜዋ የለም፣ እያለቀሰች ነው፣ ለምን አልነገርሽኝም አንቺ ክፉ፣ ለምን፣ ሠላሳ ዓመት ምን ልሁንሽ ብዬ ነው አጠገብሽ የምቀመጠው?

ጋሼ ሲደርስ የመኪናውን ሞተር ሳያጠፋ ይወርዳል፣ ብረቱን ይቀበላል፣ ጥይቱን ያያል፣ እሷን ያያል፣ ሽማግሌውን ከራስ እስከ እግር ያየዋል፣ በፖሊስ ዓይን። አንተ ደግሞ ማነህ? ሟቹ ነኝ፣ ይላል ሰውየው ባርኔጣውን አንስቶ። መጀመሪያ የምትስቀው አስተማሪዋ ናት፣ ከዚያ እሷ፣ ሆዷን ይዛ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ሳቁ መሐል ላይ ልቅሶ ይሆናል፣ ተመልሶ ሳቅ ይሆናል፣ ማን ይለየዋል።

ያ ሌባ ተመልሶ ቢመጣስ? ይላል ጋሼ፣ ድምፁ ዝቅ ብሏል፣ እሱም ፈርቷል ለካ፣ ለእሷ ፈርቶ ኖሯል፣ ብረት የሰጣት ሌላ የሚሰጣት ቢያጣ ነው። እፈራለሁ፣ ትለዋለች። እና? እና እፈራለሁ ነው ጋሼ፣ ሌላ የለውም። ምሳ ሰዓት ምሳ ሰዓት እኔ እመጣለሁ፣ ትላለች አስተማሪዋ፣ ደብተር የማርመው እዚያው አንቺ ጋ ነው።

ነገ ሰኞ ነው። የመድኃኒት ቤቱን በር ስትከፍት፣ ታውቀዋለች፣ ቁልፉ ቀዳዳውን ሁለቴ ሦስቴ ይስታል፣ ይሳት፣ ቁልፍ ቢስት ማን ይሞታል፣ በአራተኛው ይገባል።