የሊማሊሞ ጌም አለቃ

ለጎንደር ከተማ ነዋሪና ለአካባቢው ሕዝብ በሙሉ፤ ሰውአገኝ የተባለው ወጣት ማክሰኞ ንጋት ላይ አንድ ቦርሳ አንጠልጥሎ የአዲስ አበባ አውቶቡስ መሳፈሩ በታላቅ አክብሮት ይገለጻል። በመስኮት በኩል እንደተቀመጠና ገና አዘዞን ሳያልፍ እንቅልፍ እንደወሰደውም ተረጋግጧል።

ሰው አውቶቡስ ስለተሳፈረ አዋጅ አይነገርም። ሰውአገኝ ግን ሲሄድ አለቅነቱን ጥሎ ሄደ። አዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከሐጂ ጀማሉዲን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ላይ የቪዲዮ ጌም የሚሠራ ቡድን አለ፤ የዚያ ቡድን መሪ እሱ ነበር። ጌሙ «ሊማሊሞ» ይባላል። ተጫዋቹ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና ይይዛል፤ ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ገደሉ ተፈልፍሎ በተሠራው ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል ይወርድና ዛሪማ ገበያ ገብቶ ጭነቱን ያራግፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። እውነተኛው መንገድ አንዳንድ ሰሞን ይዘጋል፤ የጌሙ መንገድ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። አንድ ደጋፊ ድርጅት ገንዘብ እሰጣለሁ ብሎ የያዘውም ይኼን ወዶ ሳይሆን አይቀርም።

ሰውአገኝ በሄደ ዕለት ቢሮው ውስጥ ሦስት ሰው ቀረ። ናስር ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ ከኮምፒውተር ጋር ሲሆን ደፋር ነው፣ ሰው ሲመጣ ግን የለም። እስከዳር ሥዕሉን ትሠራለች፤ ገደሉን፣ ጉሙን፣ መንገድ ዳር የሚቀመጠውን ዝንጀሮ የሣለችው እሷ ናት። ሦስተኛዋ ፈህሚያ የቢሮውን ቁልፍ ትይዛለች፤ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ታስነሣለች፤ ጀነሬተሩ እምቢ ሲል ደግሞ ለሁለቱም ታዝንላቸዋለች። ጌም ተጫውታ አታውቅም። ሌሎች ሲጫወቱ ስላየች፣ ሰው አጎንብሶ አውራ ጣቱን የሚያሽበት ነገር መሆኑን ተረድታለች።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። የደጋፊው ድርጅት ኃላፊ አቶ ሐብተ ማርያም ነበሩ፤ ከሰውአገኝ ቀጥሎ ሥራውን የሚመራው ማን እንደሆነ ለማወቅ ፈልገዋል። ናስር ስልኩን ለእስከዳር ሰጣት። እስከዳር ሳትናገር መለሰችለት። ናስር ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ አቶ ሐብተ ማርያምም ከጠረጴዛው ላይ ሆነው ሃሎ፣ ሃሎ ይሉ ጀመር። ፈህሚያ ብድግ ብላ አነሣችው።

«የምመራው እኔ ነኝ» አለች።

ልምድ እንዳላት ጠየቋት። የለኝም አለች። በዘርፉ የተማረችው ነገር ካለ ጠየቋት። ምንም የለም አለች፤ ጨው አለሽ ተብላ አልቋል እንደምትል ባለሱቅ በደረቁ። ታዲያ በምን ልትመሪ ነው ሲሏት፣ ልምድ ያለው ሰውማ ዛሬ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሯል ብላ መለሰች። አቶ ሐብተ ማርያም ዝም አሉ። ዝምታውን እንደ ሹመት ወሰደችው።

ወሬው በማግስቱ አዲስ ዓለምን አዳረሰ። አባቷ፣ ጨዋታም አለቃ የሚያስፈልገው ከሆነ ሥራማ ንጉሥ ሊያስፈልገው ነው አሉ። አክስቷ ዐዚዛ፣ ባል ሲጠይቅ ልጅቱ ምን ትሠራለች ብለን ነው የምንመልሰው ብለው ተጨነቁ። ከታች ጫማ የሚሸጠው አኒስ ደግሞ ባለፈች ቁጥር አይለቃትም።

«አለቃ፣ ዛሬ ስንት ገደል ወረድሽ?»

«ላንተም ቦታ ይዤልሃለሁ» ትለውና ደረጃውን ትወጣለች።

አለቃ ከሆነች በኋላ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ ይኼ ነገር መቼ ያልቃል የሚል ነው። ናስርና እስከዳር ተያዩ። ሰውአገኝ ይኼን ጠይቋቸው አያውቅም። የእሱ ጥያቄ መኪናው ለምን አይበርም የሚል ስለነበር፣ ናስር ክረምቱን በሙሉ ለአይሱዙው ክንፍ ሲሠራ ነው የከረመው። ፈህሚያ ክንፉን አስነቀለችው። ሊማሊሞ ላይ የበረረ መኪና ሞልቷል፣ ሁለተኛ የበረረ ግን የለም አለች። እስከዳር ስቃ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ አለቃ ብላ ጠራቻት፤ የአኒስ ዓይነት አጠራር አልነበረም።

ቀጥሎ ያደረገችው ግን ስሕተት ነው። ነገር ሲጓተት አገሩ ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ቀን ቆረጠች። ጌሙ የሚታይበትን ሐሙስ ወስና አቶ ሐብተ ማርያምን ጠራች፣ የፎቁን ባለቤት ሐጂ ጀማሉዲንን ጠራች፣ ጎረቤት ጠራች። ይኼን ሁሉ ካደረገች በኋላ ለናስር ነገረችው። ናስር ጌም እንደ ሠርግ ቀን አይቆረጥለትም አላት።

«ሠርጉስ ቢሆን» አለችው፤ «መቼ ነው ሙሽራው ተዘጋጅቶ የሚያውቀው?»

አቶ ሐብተ ማርያም ግብዣውን በደስታ ተቀበሉ፤ ከእሳቸው ጋርም ምንይችል የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ ይመጣል አሉ። ብዙ ልምድ ያለው ሰው ነው። ጌሙን ካዩ በኋላ እዚያው ይወስናሉ፤ ፈህሚያ ትቀጥላለች፣ ካልሆነም ምንይችል ይረከባል። እሱ ከተረከበ ደግሞ ሥራው ከእሱ ጋር አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሠዓሊና ፕሮግራም ጸሐፊ እዚያ ሞልቷል። ስልኩ ሲዘጋ እስከዳር፣ እኛስ ብላ ጠየቀች።

«እኛማ እዚሁ ነን» አለች ፈህሚያ። «ጌሙም እዚሁ ነው። ሊማሊሞን ወዴት ይወስደዋል?»

ሐሙስ ጠዋት እንግዶቹ ከመድረሳቸው በፊት ናስር የተናዘዘው ነገር አለ። ሰው በእጁ ሲነዳው መኪናው ከታላቁ ኩርባ ላይ ሲደርስ መንገዱ ውስጥ ይሰጥማል፤ አስፋልቱ ውኃ እንደሆነ ሁሉ። ለምን እንደሆነ ገና አላወቀም። ለሙከራ ብሎ መኪናው ራሱን እንዲነዳ አድርጎት ነበር፤ ማንም ሳይነካው ሲሄድ ግን ምንም ሳይሆን ዛሪማ ይገባል። ፈህሚያ ትንሽ አሰበች። እንግዲያው ብቻውን ይሂድ፣ እንግዶቹ ተቀምጠው ይዩት አለች። አልቋል ብለን አንምልም፤ አላለቀም ብለንም በጡሩንባ አንለፍፍም። የጠየቀ ይነገረዋል። መኪናው በእጅ የሚነዳበት ጆይስቲክም ለወግ ያህል ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ።

እንግዶቹ መጡ። ምንይችል ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ነበር የገባው፤ ግድግዳውን፣ ገመዱን፣ ጣሪያውን ሳይቀር ገመገመ። እስከዳር የትኞቹን ጌሞች እንደሠራ ብትጠይቀው፣ ስማቸውን እንዳይናገር ውል እንደሚከለክለው ገለጸላት። አቶ ሐብተ ማርያም በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስሙ የማይነገር ሥራ ትልቅ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው። እሳቸውም ዘርፉን በቅርብ እንደሚከታተሉ፣ በትርፍ ጊዜያቸውም እንደሚጫወቱ ተናገሩ። ጎረቤቶቹ፣ እኛም አልፎ አልፎ አሉ።

ፈህሚያ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ ልትል አፏን ስትከፍት አቶ ሐብተ ማርያም ቀደሟት፤ ጌም የሚፈተሸው በእጅ ነው ብለው ጆይስቲኩን አነሡና ለሐጂ ጀማሉዲን አቀረቡላቸው። ሐጂ፣ ኧረ እርስዎ እያሉ ብለው መለሱላቸው። እሳቸው ለጎረቤት ሰጡ። ጎረቤቱ፣ እንግዳ እያለ ነውር ነው አለ። ጆይስቲኩ ክፍሉን በአክብሮት ዞሮ ዞሮ ምንይችል እጅ ገባ። ምንይችል ግራ ቀኝ አየ፤ ከእሱ በኋላ የሚሰጠው ሰው አልቀረም። ወዲያው አጎነበሰ።

ናስር መናገር ሲያቅተው የሚያደርገውን አደረገ፤ ኪቦርዱን ነክቶ መኪናውን ብቻውን ለቀቀው። አይሱዙው ደባርቅ ላይ ተነሣና ቁልቁለቱን ያዘ።

ምንይችል አውራ ጣቱን አሸ። መኪናው ወደ ግራ ሲታጠፍ ወደ ግራ ዘመመ፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ትንሽ ዘግየት ብሎ ወደ ቀኝ። ጎረቤቶቹ ተነፈሱ። ሐጂ ማሻአላህ አሉ። ታላቁን ኩርባ እንደ ቅቤ አለፈው። አቶ ሐብተ ማርያም፣ ይኼ እጅ የለመደ እጅ መሆኑን ለክፍሉ በሙሉ አስረዱ፤ ዓይን ላለው ሰው ልዩነቱ ግልጽ ነው አሉ።

«መሪው ትንሽ ይከብዳል» አለ ምንይችል፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል። «እኔ ስይዘው ይስተካከላል።»

ናስር ወለሉን አየ። እስከዳር የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። ፈህሚያ ብቻ ፊቷ አልተለወጠም። ብትናገር እንግዳ ያታለለች፣ በሰው ቤትም እንግዳ ያዋረደች እሷ ልትሆን ነው። ዝም ብትል ጌሙ ያምራል፤ ያማረውን ጌም ግን ሌላ ሰው ይወስደዋል።

አቶ ሐብተ ማርያም መኪናው ዛሪማ እስኪደርስ አልጠበቁም። ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፈህሚያ ያለ ምንም ልምድ እዚህ ማድረሷ የሚያስመሰግን ነው፤ ይሁንና ልምድ ምን እንደሆነ ሁላችንም አሁን በዓይናችን እያየን ነው አሉ። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ሥራውን ምንይችል ይረከባል።

«አንቺም ሙሉ በሙሉ አትርቂም» አሏት ለስለስ ብለው። «በመስተንግዶው በኩል ታግዢዋለሽ።»

ክፍሉ ፈህሚያን አየ። ምንይችል አሁንም ይነዳል።

«ሸጋ» አለች ፈህሚያ። «እንግዲያው መስተንግዶውን ከአሁኑ ልጀምር።»

ጥግ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደች። ከፔርሙዙ የቀረፋ ሻይ በብርጭቆ ቀዳች፤ ስኳር ጨመረች፤ አማሰለች። የቸኮለች አትመስልም ነበር። ብርጭቆውን ግን ራሷ አልወሰደችለትም። ወደ ሐጂ ጀማሉዲን ዞረች።

«ሐጂ፣ እንግዳችን ትልቅ ሰው ነው። ከእርስዎ እጅ ይቀበል።»

ናስር ቀና አለ። አለቃው ምን እያደረገች እንደሆነ ገብቶታል፤ እጁ ኪቦርዱ አጠገብ ነበር፣ አንድ ቁልፍ ቢነካ ስክሪኑ ይጠፋል። ፈህሚያ አየችው። እጁን ሰበሰበ።

ሐጂ ጀማሉዲን ደስ አላቸው። ነጭ ጢማቸውን በመዳፋቸው አበስ አድርገው ተነሡ፤ ብርጭቆውን በቀኝ እጃቸው ይዘው በግራቸው ደግፈው ምንይችል ፊት ቆሙ።

ምንይችል ሌላው ሌላው ቢቀር ሰው ያሳደገው ልጅ ነው። ያን ዕድሜ ያለ አባት ቆሞ ሲሰጥ፣ ተቀምጦ በአንድ እጅ የሚቀበል ልጅ እናቱን ያሰድባል። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀበለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባቴ» አለ።

አይሱዙው ማርሽ ቀነሰ። ኩርባው ላይ ክላክስ አደረገ። ከታች ለሚመጣ አውቶቡስ ዳር ይዞ አሳለፈና እንደገና መንገዱን ገባ።

አቶ ሐብተ ማርያም ስክሪኑን አዩ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ጆይስቲክ አዩ። የምንይችልን ሁለት እጆች አዩ። ከጎረቤቶቹ አንዱ፣ አልፎ አልፎ እጫወታለሁ ያለው፣ አንድ ነገር ሊል ጀምሮ ተወው።

«ጠጣ እንጂ ልጄ፣ ይቀዘቅዝብሃል» አሉ ሐጂ።

መኪናው የመጨረሻውን ጠመዝማዛ ወርዶ ዛሪማ ገባ፤ ፍሬቻ አበራ፤ ገበያው አጠገብ ዳሩን ይዞ ቆመና ጭነቱን ማራገፍ ጀመረ።