የዓምደሚካኤል ምላስ

ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚያስገባው ቀጭን መንገድ ላይ ውስኪ የሚያወጣ ሰው አለ ቢባል ሰፈሩ ራሱ አያምንም። «አረቄ ነው፣ ስሙን አሳድጎት ነው» ይላሉ። ሉልሰገድ ግን የምሩን ነበር። ገብሱን ነክሮ ያበቅላል፣ ብቅሉን አድርቆ ያስፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ለውሶ ጭማቂውን ያጠልልና በእርሾ ያፈላዋል። ከዚያ አንጥረኛ በሠራለት የመዳብ ጋን አንዴ ያወጣዋል፣ ደግሞ ያወጣዋል፣ በመጨረሻም ከወይን ጠጅ ፋብሪካ በገዛቸው አሮጌ በርሜሎች ውስጥ ያስተኛዋል።

ችግሩ ሰውየው ውስኪ አይቀምስም። በጎረምሳነቱ ከፒያሳ መጠጥ ቤቶች ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በሰው ሸክም ነበር የሚወጣው። የንስሐ አባቱ አስማሉት። ያውቁታልና «በአፍህ ብቻ አይደለም፣ በአፍንጫህም!» አሉት። መሥራቱስ? «እሱ እንጀራህ ነው» አሉ። እናም ሉልሰገድ ከኮሮና ጊዜ በተረፈ ጭምብል ውስጥ ጤና አዳም ወሽቆ ይሠራል። ቤቱ በሙሉ በአልኮል ሲታጠን ለእሱ የሚሸተው ጤና አዳም ነው።

የቤቱ አፍ እንግዲህ ዓምደሚካኤል ነበር፤ አብሮ አደጉ፣ መጠጥ ባቆመ ጊዜ ያልሸሸው ብቸኛ ጓደኛው። ከመዳቡ መጀመሪያ የሚወርደውን መርዛም ውሃ ቴርሞሜትር ይለየዋል፤ ደህናው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ግን የሚያውቀው ምላስ ነው። ዓምደሚካኤል ጠብታዋን በምላሱ ያንከባልላል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «ቁረጥ!» ይላል። ሉልሰገድ ይቆርጣል። አንዴ ሉልሰገድ ብቅሉን በወይራ ጭስ አድርቆ አንድ በርሜል ሠራ። ኩራቱ ነበር። ዓምደሚካኤል ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ። «ጀለስ፣ ይሄ የተቃጠለ ጎማ ነው። ይደፋ።» ሉልሰገድ እያለቀሰ ደፋው።

ዛሬ ኢየሩስ መጥታለች፤ ለአንድ ትልቅ ሆቴል መጠጥ የምትገዛ ሴት ናት። እሷ ከወሰደች ቤቱ በእግሩ ይቆማል፤ ካልወሰደች ሉልሰገድ መዳቡን ሽጦ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳል።

«እስቲ ቀማሽዎ ሲቀምሱ ልይ ጋሽ ሉልሰገድ» አለች እየሳቀች። «ስማቸው እኛ ድረስ ደርሷል።»

ባንኮኒው ላይ ሁለት ብርጭቆ ነበር። በአንዱ ከበርሜል የተቀዳው ውስኪ፤ በሌላው ደግሞ ጠዋት ከመዳቡ ቀድሞ የወረደው፣ ሉልሰገድ ዕቃ ሊያጸዳበት ያስቀመጠው። ዓምደሚካኤል እንግዳዋን ዓይን ዓይኗን እያየ እጁ ያገኘውን አነሳ። ከንፈሩን አስነካ። ዓይኑን ጨፈነ።

«ማር» አለ። «ከኋላ ደግሞ የብርቱካን ልጣጭ ይመጣል። ቀስ ብሎ። እንደ ጨዋ እንግዳ።»

ኢየሩስ ብርጭቆውን ተቀብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችና ወዲያው መለሰችለት። «እንዴ! ይሄማ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ነው! ሙድ እየያዙብኝ ነው?»

ዓምደሚካኤል ሳቀ። ሉልሰገድ አልሳቀም። ጓደኛው እየሳቀም ቢሆን ያልሸተተውን ብርጭቆ ደግሞ ወደ አፍንጫው ሲያስጠጋ፣ ምንም ሳያገኝ ሲመልሰው አየ።

ኢየሩስ ሌላውን ቀመሰች። «ደህና ነው» አለች፤ በእሷ አፍ ደህና ማለት ምን እንደሆነ ሁለቱም ገባቸው። «ግን እኔ የመጣሁት ለዚህ አይደለም። በፋሲካ ሰሞን በትንሽ ጠርሙስ የላኩልኝ፣ ወይራ ወይራ የሚለውስ? እሱ ካለ አንድም ጠብታ ሳላስቀር እወስዳለሁ። እንዲህ ያለ የትም ቀምሼ አላውቅም።»

«እሱ አልቋል» አለ ሉልሰገድ፤ ጠርሙሷን የላከው በርሜሉ ሳይደፋ በፊት ነበር።

«ሲሠሩ ይደውሉልኛላ።»

ሲሠራ፣ ሲተኛ፣ ሲደርስ ዓመታት ነው። ሁለቱም ያውቁታል። ተሰናብታ ወጣች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ሉልሰገድ።

«ከኮሮና ወዲህ። ይመለሳል ብዬ ነበር ሉሌ። ወጡም ውሃውም አንድ ነው የሚሆንብኝ።»

«ይህን ቤት ስንከፍትስ?»

ዓምደሚካኤል መሬት መሬቱን አየ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬህ ምን ልሁን? መጥረጊያ ልትሰጠኝ? ሰፈሩ ሁሉ ቀማሹ ይለኛል። ልጆቼ ሳይቀሩ።»

«እሺ፣ ሁሉንም ጥሩ ነው በል። እሱን እችለው ነበር። የወይራውን ለምን አስደፋኸኝ?»

«ሁልጊዜ ጥሩ ነው የሚል ቀማሽ ማን ያምነዋል?» አለ ዓምደሚካኤል፣ በጣም ቀስ ብሎ። «አንዳንዴ እምቢ ማለት ነበረብኝ። የዚያን ቀን ደግሞ ፊትህ ላይ ደስታ አየሁ። ደስ ባለህ ቀን እምቢ ብልህ ይበልጥ ታምነኛለህ ብዬ ነው።»

ሉልሰገድ ተቀመጠ። ጭምብሉን ግን አላወለቀም። ያቺ ደስታው ናት አሳልፋ የሰጠችው። በርሜሉን ወደ ፍሳሹ ሲያዘነብል ዓምደሚካኤል ትከሻውን አቅፎት ነበር፤ «አይዞህ» ሲለው ነበር። ያኔ ያለቀሰው ስለ ውስኪው ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን የሚነግረው ሰው ስላለውም ነበር።

ዓምደሚካኤል የቆመበት ጠበበው። ወደ በርሜሎቹ ሄዶ የመጨረሻውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።

«አይዞህ፣ ይሄኛው ግን አንደኛ ነው» አለ። «እመነኝ።»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የሰማው። እጁ በርሜሉ ላይ ቀረ።

ሉልሰገድ ተነስቶ በሩን ከፈተለት።