ከእንቁላሉ በኋላ

ጩኸቱ የጀመረኝ በጥር ነው። ግራ ጆሮዬ ውስጥ የጀልባ ሞተር ገብቶ ተቀመጠ፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ። መጀመሪያ ሚስቴን ማርዩንን "ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ ሰው ጥሪ" አልኳት። ሄዳ ገመዱን ነቀለችና ተመልሳ "አሁንስ?" አለችኝ። አሁንም ይጮሃል። ማቀዝቀዣውን ለሦስት ቀን ስሰድበው ከረምኩ፤ ለካስ ጥፋቱ የራሴ ጭንቅላት ነው።

ማዞሩ በሦስተኛው ሳምንት ተከተለ። የመንደሩ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ድንች ስመርጥ ግራ ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ሞተሩ ፍጥነት ጨመረ፣ ከዚያ ወለሉ ተነሳብኝ። "አዞረኝ" የሚለው ቃል አይገልጸውም። ሱቁ በሙሉ እኔን መሀል አድርጎ ይሽከረከራል፤ መደርደሪያውን ባቅፈው መደርደሪያውም አብሮ ይዞራል። እየዳህኩ በሩ ድረስ ደረስኩና እዚያው አስመለሰኝ።

ጎረቤታችን አሮጊቷ ማላን ቅርጫቷን እንዳንጠለጠለች ከበላዬ ቆማ "ኧረ ገና ጠዋት ነው ሃኑስ። እስኪመሽ እንኳ ብትታገስ ምናለ?" አለችኝ።

ሰክሬ መስሏታል። ልቆጣት አፌን ብከፍት የወጣው ሌላ ነገር ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ መንደሩ በሙሉ "ሃኑስ መጠጥ ጀመረ" ብሎ አውርቶ ጨርሶ ነበር።

አንጀቴ አረረ። እኔ በዓመት ሁለት ጊዜ ብርጭቆ የማነሳ ሰው ነኝ። ሁለት ቀን ሳስብበት ከዋልኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ቀየርኩ። እኛ የፋሮ ደሴቶች ሰዎች ዘንድ ለሚጠጣ ሰው ይታዘንለታል። ዛሬ ይጠጣል፣ ነገ ይተዋል፣ ሲተው ወደ ቦታው ይመለሳል። ራሱን የሚያዞረው ሰው ግን ገደል አፍ ላይ አይተኛም፤ አንዴ ከተነሳም የሚመልሰው የለም። እኔ ደግሞ የገደል አፍ ሰው ነኝ።

በግንቦት መጨረሻ የባሕር ወፎቹ እንቁላላቸውን ገደሉ ላይ ሲጥሉ አንድ ሰው በገመድ ታስሮ ይወርዳል። ገመዱን የሚይዙት ዘጠኝ ወንዶች ከጠርዙ ርቀው ነው የሚቆሙት፤ የወረደውን አያዩትም፣ አይሰሙትም። በመካከል አንድ ሰው ጠርዙ ላይ በሆዱ ተኝቶ ቁልቁል ያያል፣ የታችኛውን ድምፅ ይሰማል፣ ለላዮቹ በክንዱ ይነግራል። ክንዱን ወደ ሰማይ ካነሳ ይስባሉ፤ ወደ ጎን ዘርግቶ መሬት ላይ ካስተኛው ይለቃሉ። ዘጠኙ ሰዎች ሌላ ነገር አይጠብቁም፤ ያንን ክንድ ብቻ ያያሉ።

ቦታው የአባቴ ነበር፤ ከእሱ ወዲህ አስራ ዘጠኝ ዓመት እኔ ይዤዋለሁ። የሚወርደው ባርዱር ነው፣ የእህቴ የሱንቫ ባል። ባርዱር ከእኔ ክንድ በቀር በማንም ክንድ አይወርድም። ይህን ሲል መንደሩ በሙሉ ሰምቶታል፣ እኔም በሰማሁት ቁጥር ደረቴ ይነፋል።

ስለዚህ መጠጡን አላስተባበልኩም። እንዲያውም፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ከበጎቹ ቤት ደጃፍ ባዶ ጠርሙስ አስቀመጥኩ። ማዞሩ ጣለኝ ጣለኝ ሲል ከሰው ፊት ዞር ብዬ እተኛለሁ፣ ሰዉም "እንደገና ጠጣ" ይላል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ስዋሽ ማንም አልጠረጠረኝም።

በመጋቢት ማርዩን መኪናዋን አስነስታ ወደ ዋና ከተማችን ወደ ቶርስሃውን ወሰደችኝ። ዶክተር ኤልስፓ የምትባል ለዘብ ያለች ሴት ጆሮዬን አየች፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ዘግታ ድምፅ አሰማችኝ። ከዚያ ወረቀት ላይ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር ሣለችልኝ።

"በውስጠኛው ጆሮዎ ያለው ፈሳሽ ከልኩ በላይ ይሞላል" አለችኝ። "የሚደፍንዎት፣ የሚጮኸው፣ የሚያዞርዎት እሱ ነው። ሜኒየር ይባላል። በመጀመሪያ ጨው ይቀንሱ።"

"ታዲያ ምን ልብላ?" አልኳት። ቤቴ ያለው የደረቀ የበግ ሥጋና ጨው የጠገበ ዓሣ ነው።

"ድንች" አለች።

ድንች በላሁ። ኪኒንም ሰጥታኝ ዋጥኩ፤ ማዞሩ ግን በሳምንት ሁለቴ መምጣቱን አልተወም። በወሩ መጨረሻ ስንመለስ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

"መርፌ አለ። በጆሮ ታምቡር በኩል መድኃኒት እንጨምራለን። የዚያን ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል ይገድለዋል። ከሞተ በኋላ ሊያዞርዎት አይችልም። ቀኝዎ ብቻውን ሥራውን ይለምዳል።"

"ጩኸቱስ?"

"ስለ ጩኸቱ ቃል አልገባልዎትም። የዚያ ጆሮ መስማትም ሊቀንስ ይችላል። ማዞሩን ግን ከአሥር ሰው ለዘጠኙ ያቆምለታል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይንገዳገዳሉ፣ ከዚያ ይስተካከላል። ነገ መጀመር እንችላለን።" ብዕሯን አነሳች። "እስከዚያ ድረስ መሰላል የለም፣ ጀልባ የለም፣ ገደል የለም። ሥራዎ ምንድን ነው?"

"በግ አረባለሁ" አልኳት።

ውሸት አይደለም። ማርዩን ወለሉን አየች። እኔ የማስበው ስለ መስማቱ ነበር፤ ከታች የሚጣራውን የማይሰማ ሰው ጠርዝ ላይ ምን ይሠራል? መንገዳገዱም የእንቁላሉን ወራት ሊበላብኝ ነው። "ከእንቁላሉ በኋላ" አልኩ በሆዴ። ለሐኪሟ ያልኳት "በሰኔ እመጣለሁ" ነው።

መኪና ውስጥ ማርዩን እጇ መሪው ላይ ነው፣ ቁልፉን ግን አላዞረችም።

"ለባርዱር ንገረው" አለችኝ።

"ከእንቁላሉ በኋላ።"

"ሃኑስ፣ ገመዱ ላይ የሚንጠለጠለው አንተ አይደለህም እኮ።"

"እኔ አውቀዋለሁ ራሴን። ሲመጣብኝ ቀድሞ ጆሮዬ ይደፈናል፤ የዚያን ቀን አልወጣም፣ አለቀ።"

"ማልልኝ።"

ማልኩላት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ጉዱ ምን ሆነ፣ ማዞሩ ጠፋ። ሚያዝያ ሙሉ አልመጣም። ግንቦት ገባ፣ አሁንም የለም። ሞተሩ ብቻ በዝግታ ያጉረመርማል። ድንቹን ጠላሁት፣ አንድ ቁራጭ የደረቀ ሥጋ ቀመስኩ፣ ምንም አልሆንኩም። ሁለተኛ ቁራጭ በላሁ። ማርዩን ታየኛለች። እኔም ድኛለሁ ብዬ ማመን ጀመርኩ። የበሽታውን ዝምታ መፍራት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ተደሰትኩበት።

የእንቁላሉ ቀን ማለዳ ስነሳ ግራ ጆሮዬ ጥጥ የተወተፈበት ያህል ነበር። በደንብ አውቄዋለሁ። አላወቅኩም ብል አፌን ይቁረጠው። ማርዩን ቡና እየቀዳች "እንዴት ነህ?" አለችኝ፣ እኔም "ደህና ነኝ" አልኩና ጃኬቴን ለበስኩ። ዘጠኝ ሰው ሥራውን ትቶ እየጠበቀኝ ነው፣ አየሩም ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅነው አየር ነው።

ገደሉ አናት ላይ ስደርስ ገመዱን የሚመራው ሳማል ቀና ብሎ አየኝና ለባርዱር በዓይኑ አንድ ነገር ነገረው። ባርዱር መቀነቱን እያጠበቀ ወደ እኔ መጣ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጢሙ እስከ ደረቱ የሚወርድ ሰው ነው።

"አማቼ፣ አትቀየመኝ" አለ። "እስቲ ተንፍስብኝ።"

"ምን?"

"ወሬ ሰምቻለሁ። ልጆች አሉኝ፣ እህትህም እንደምታውቃት ናት፣ በሕይወት ካልተመለስኩ ትገድለኛለች። ተንፍስ።"

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ተነፈስኩበት። አፍንጫውን ከአፌ አስጠግቶ እንደ ውሻ አሸተተኝና ወደ ሰዎቹ ዞረ።

"ንጹሕ ነው። ቡና ብቻ። በሉ ያዙኝ።"

ያኔ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚበቃው። ምላሴ ላይ ነበረ፤ ግን ሳማል "ጎበዝ ሃኑስ" ብሎ ትከሻዬን መታኝና ዋጥኩት።

በሆዴ ተኛሁ። ባርዱር ቁልቁል ወረደ። ከታቹ ሁለት መቶ ሜትር ባዶ አየር ነው፣ ከዚያ ባሕሩ፣ በመካከል ወፎቹ በሺህ እየተንጫጩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉም እንደ ወትሮው ሄደ። አንዲት ቀጭን የቋጥኝ ደረጃ ላይ ቆሞ ከረጢቱን ሞላ። ሞተሩ ጆሮዬ ውስጥ ከፍ አለ። ጥርሴን ነከስኩ። ባርዱር ቀና ብሎ አፉን ሲከፍት አየሁት፤ ድምፁ አልተሰማኝም፣ ግን የሚለውን አውቀዋለሁ፤ "ሳብ" ነው የሚለው። ለአስራ ዘጠኝ ዓመት እንደሚያደርገው፣ ክንዴን ሳይጠብቅ እግሩን ከደረጃው አነሳ።

በዚያች ቅጽበት ገደሉ ተገለበጠ። ባሕሩ ወደ ግራ ሄደ፣ ሰማዩ ከሥሬ ገባ፣ ልወድቅ ነው ብዬ መሬቱን ለመያዝ ክንዴን ወደ ጎን ወረወርኩት። ሣሩን ጨበጥኩ። ክንዴ መሬት ላይ ተኛ።

ዘጠኙ ሰዎች አዩና ገመዱን ለቀቁት።

እኔ ፊቴን አፈር ውስጥ ቀብሬ እየዞርኩ ነበር። የሰማሁት ነገር የለም። በኋላ ሳማል ነው የነገረኝ፤ ገመዱ እጃቸውን ልጦ ሮጦ ድንገት ረገበ አለኝ።

ባርዱር ስምንት ሜትር ወርዶ ከታችኛው ደረጃ ላይ በወገቡ ወደቀ። ሄሊኮፕተር መጣ። እኔን ሣሩ ላይ ሳስመልስ አዩኝ፣ ደንግጦ ነው አሉ። ማርዩን ስትሰማ የምግብ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ እጆቿን ስታያቸው ዋለች።

ኮፐንሃገን ያሉ ሐኪሞች ወገቡን ሁለት ጊዜ ቀደዱት። ሕይወቱ ተረፈ። እግሮቹ ግን አልተመለሱም። መንደሩ ደግሞ ጉዳዩን ቶሎ ዘጋው፤ ሃኑስ አልጠጣም፣ ባርዱር ራሱ አሽትቶታል፣ ዘጠኝ ምስክር አለ፤ እንግዲያው ነፋስ ነው። ነፋስ ድምፁን ወስዶበት ነው። ማላን ሾርባ ይዛ መጥታ "አንተም ተጎድተሃል ልጄ" አለችኝ። በላሁት።

በሰኔ ወደ ቶርስሃውን ሄድኩ። በጎኔ ተኛሁ፣ ዶክተር ኤልስፓ ጆሮዬን አደንዝዛ መርፌውን አስገባች፤ ቀዝቃዛ ነገር ወደ ውስጥ ሲፈስ ተሰማኝ። "ምራቅዎን አይዋጡ፣ አይንቀሳቀሱ" አለችኝ፣ ግማሽ ሰዓት ግድግዳውን እያየሁ ተኛሁ። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ መሬቱ ፍራሽ ሆነብኝ። ማርዩን በየቀኑ ከቤት እስከ ወደቡ ታስኬደኛለች፤ ራሴን ግራና ቀኝ እያዞርኩ፣ እሷ ክርኔን ይዛ። በነሐሴ ክርኔን ለቀቀችኝ። ማዞሩ አልመጣም። በመስከረምም አልመጣም። የግራ ጆሮዬ መስማት ግማሹ ሄደ፣ ሞተሩም እዚያው አለ፣ ግን ዓለም ቆመች። እንደ ሰው ቆሜ በግ ሸለትኩ።

ሳማል መጥቶ "ለከርሞ ጠርዙ ያንተ ነው" አለኝ።

በጥቅምት ወደ ባርዱር ቤት ሄድኩ። በተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ሱንቫ የበግ አንጀት እያጠበች ነበር። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

"ና አማቼ፣ ተቀመጥ። ሳማል ነግሮኛል፣ ልትመለስ ነው አሉ።"

"አልመለስም።"

"ተው እንጂ። ነፋሱን አንተ አላመጣኸው።"

"ነፋስ አልነበረም" አልኩት።

ነገርኩት። ከማቀዝቀዣው ጀምሬ ነገርኩት፤ ጠርሙሱን፣ ሐኪሟን፣ የዚያን ቀን ጠዋት ጆሮዬን። ሱንቫ ውኃውን ዘጋች። ባርዱር አላቋረጠኝም። ስጨርስ ወንበሩን ወደ እኔ አዞረ።

"ሐኪሟ መቼ ነው የነገረችህ?"

"በመጋቢት።"

"መርፌ እንዳለም?"

"እሱንም።"

"ስንት ጊዜ ነው የሚወጉህ?"

"ሦስቴ። በየማክሰኞው።"

"ሦስት ማክሰኞ" አለ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። "ብትነግረኝ እኮ እኔው ራሴ እየነዳሁ እወስድህ ነበር። አንድ ዓመት እንቁላል ባንበላ ምን እንሆን ነበር ሃኑስ?"

ሱንቫ እጇን በሽርጧ ጠርጋ መጣች፣ ጃኬቴን ከመስቀያው አንስታ ሰጠችኝ፣ በሩን ከፈተች። እህቴ ናት፣ ግን ፊቴን አላየችም።

ወጣሁ። ዝናብ ነበር፣ የድንጋይ ደረጃቸውም እርጥብና ቀጥ ያለ ነው፣ መደገፊያ የለውም። ዐሥራ አራቱንም ቀጥ ብዬ ወረድኩ። ምንም አላዞረኝም።