ሰባተኛው ጉድጓድ

ሁለቱ የአፈር ቁራጮች አልገጥም አሉ።

ተመራማሪዋ ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ቆማ ታችኛውን ቁራጭ ወደ ላይኛው አስጠጋችው። ሁለቱም ከጫካው ሰባተኛ ጉድጓድ በአንድ ቱቦ የወጡ ናቸው፤ ሲወጡ መሃል ላይ ተሰብረዋል። ከላይኛው ስብራት የክር ያህል የቀጠነ ሥር ብቅ ብሏል። በታችኛው ላይ ግን የሥሩ ቀጣይ የለም። ታችኛውን ቁራጭ ቀስ ብላ ገለበጠችው። ስብራቱ ከስብራቱ፣ ሥሩም ከሥሩ፣ እንደ ተሰበረ ሳህን ልክክ አለ።

የመጣችው ፎቶ ልታነሳ ብቻ ነበር። ፎቶውን የጥናቱ መሪ የሆኑት ፕሮፌሰር ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለተመራማሪዎች ጉባኤ ያሳዩታል።

ከአሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች አሥራ አንዱ የታወቀውን ነገር ነበር የተናገሩት፦ ረቂቅ ተሕዋስያን ቅጠል በሚበሰብስበት ንብርብር ይርመሰመሳሉ፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ግን ቁጥራቸው እየሳሳ፣ ዓይነታቸውም እየተለየ ይሄዳል። በሰባተኛው ብቻ አራተኛው ንብርብር ከሦስተኛው ይልቅ ሞልቶ ተገኘ። ውጤቱ የመጣ ዕለት ፕሮፌሰሩ ሰንጠረዡን ሦስት ጊዜ አነበቡ። ከዚያ ወንበር ስበው «ተቀመጪ» አሏት። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ብለዋት አያውቁም። ኮንትራቷ በዚህ ወር ያልቃል፤ የሚራዘመውም በዚህ ጉድጓድ ነው።

ስህተቱ የት እንደተሠራ ለማስታወስ ጊዜ አልፈጀባትም። የሥራው ደንብ አንድ ነው፦ ቆፋሪው አፈሩን አናቱን በግራ አድርጎ ያስተኛል፣ እሷ ከጎኑ ቆማ ከግራ ጀምራ ንብርብሮቹን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ ትጽፋለች። ሰባተኛው የተቆፈረ ቀን ዝናብ ነበር። የተጠለሉበት ሸራ ስለጠበበ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከቆፋሪው ፊት ለፊት ቆመች። የመጀመሪያውን ቁራጭ ቅጠሉ እየመራት በትክክል ጻፈችበት። ሁለተኛው ግን ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነው፤ እጇ እንደ ልማዱ ከግራ ጀመረ። ከራሷ ግራ። አራተኛው ንብርብር ሦስተኛ፣ ሦስተኛውም አራተኛ ተባለ።

ቆፋሪውን ጠራቻቸው። ተማሪዎች «ጋሼ ቱቦ» የሚሏቸው ሽማግሌ እጃቸውን እየጠረጉ መጡና ሥሩን አጎንብሰው አዩት።

«አፈር እንደሆነ አፍ የለው» አሉ በግማሽ ቀልድ። እሷ ሳትስቅ ስትቀር ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግዲያው ፕሮፌሰሩን ጋሼ ገለበጠው በያቸው። ለጡረታ ሁለት ወር የቀረውን ሰው ማን ይቆጣል?»

«እርስዎማ በደንቡ ነው ያስተኙት።»

«አንቺ ገና ነሽ፣ ልጄ። እንጀራሽ ነው።»

የሌሎቹን ጉድጓዶች ሣጥን እንዲያወርዱላት ለመነቻቸው። እሳቸው ያወርዳሉ፣ እሷ ስብራት ከስብራት ታገጣጥማለች። በመሃሉ ጋሼ ቱቦ፣ ባለቤታቸው «ጫካውን በጫማህ ተሸክመህ ቤቴ አስገባኸው» እያለች ሠላሳ ዓመት እንደጨቀጨቀቻቸው አወሩ። አሁን ጡረታ ሲወጡ ምን ብላ ልትጨቀጭቅ እንደሆነ አሳስቧቸዋል። ተመራማሪዋ ፈገግ አለች። አሥራ አንዱም ገጠሙ።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሰባተኛውን በትሪ ይዛ ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ወጣች። ትሪውን በወረቀቶቻቸው ላይ አስቀመጠች፤ የቆመችበትን ቦታና የጻፈችበትን አቅጣጫ ከዝናቡ ጀምራ፣ ሳታስረዝም ነገረቻቸው።

«ሌሎቹስ?»

«ሁሉንም አይቻለሁ። የተዛባው ይህ ብቻ ነው። ያዛባሁትም እኔ ነኝ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉ። ታችኛውን ቁራጭ አንስተው በመጀመሪያ ምልክቱ እንደሚለው አስጠጉት፤ አልገጠመም። ቀስ ብለው ገለበጡት። ሥሩ ከሥሩ ተገናኘ። ጣታቸውን ከቅጠሉ ጀምረው፣ እየቀጠነ የሚወርደውን ሥር እየተከተሉ እስከ ታች ድረስ ወሰዱት።

በኮሪደሩ ወደ ጉባኤው አዳራሽ የሚሄዱ ሰዎች ኮቴ ይሰማል። ፕሮፌሰሩ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያም፣ ዓይናቸውን ከትሪው ሳያነሱ፣ አጠገባቸው ያለውን ወንበር ሳቡላት። «ተቀመጪ» ግን አላሏትም።