የድምፅ ሙከራ

ልብስ ሰፊዋ ለፎቶው ስትል ፊቷን በመናፈሻው ቧንቧ ታጥባ፣ ንጹሑን ሻርፗን ጣል አድርጋ ፎቶ አንሺውን ጠበቀችው። እሱም በአንድ ባንክ በረንዳ ላይ፣ ከምትተኛበት ካርቶን አጠገብ በርጩማ አስቀመጠላት። የጎዳና ተዳዳሪዎችን ፎቶ ከነታሪካቸው ለሕዝብ ሊያሳይ ነው፤ ከየፎቶው ሥር ያለው ቁልፍ ሲነካ የባለ ፎቶው ድምፅ ይሰማል።

ማይክሮፎኗን አንገትጌዋ ላይ ሰካላት። «መጀመሪያ ድምፅ ልሞክር፣ እህቴ። ይሄ አይቀዳም፤ የመጣልሽን አውሪ።»

«ምን ላውራ? ቁርስ ምን በላሽ በለኝና ልሳቅብህ።»

ሳቀ። «እሺ፣ እንዴት እዚህ ወጣሽ?»

አይቀዳም ስላላት እውነቱን ነገረችው። የምትኖረው ከልጇ ጋር ታናሽ እህቷ ቤት ነበር። ታማ መስፋት ስታቆም፣ ልጇ ትምህርት ቤት ሳለች፣ የእህቷ ባል ልብሷን በፌስታል አድርጎ በሩ ላይ አስቀመጠው። ልጅቷን ግን ትምህርቷን እስክትጨርስ ላኑራት አለ፤ እናትየዋ ስሙን በክፉ እስካላነሳች ድረስ።

«ይሄ እንዳይገባ፣ ወንድሜ። ልጄ እሱ ቤት ናት።»

«ሙከራ ነው አልኩሽ እኮ። ይጠፋል።»

ለዋናው ቀረጻ ለልጇ የነገረቻትን ደገመች፦ ራሴን ችዬ ልከራይ ወጣሁ፣ ኪራዩ ከበደኝ። ፎቶ አንሺው ሰዓቱን እያየ አዳመጣት።

ትርኢቱ የተከፈተ ዕለት አዳራሹ ጥግ ቆመች። ፎቶዋ ከቁመቷ ይበልጣል። አንዲት ሴትዮ ቁልፉን ነካች። ስለ ኪራይ አንድም ቃል የለም። «ልብሴን በፌስታል አድርጎ…» አለ የገዛ ድምፅዋ። ሴትዮዋ ዓይኗን ጠረገች።

ሰፊዋ የፎቶ አንሺውን እጅጌ ያዘች። «ይጠፋል አላልከኝም?»

«የሰውየውን ስም እኮ ቆርጬዋለሁ። ደግሞ ከሁሉም በላይ ሰው የወደደው ያንቺን ነው። ስንቱ አለቀሰ መሰለሽ።»

«ፊቴንስ ቆረጥከው?»

እንግዳ ጠራውና ሄደ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ልጅቷ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ሻንጣ እየጎተተች ወደ ባንኩ በረንዳ መጣች።

«አክስቴ አለቀሰች እንጂ ምንም አላለችም» አለች። «አንዱ ከትርኢቱ ቀድቶ ለቆት ባልዋ በስልኩ ሰማው፤ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ሲቀባበለው ነው የዋለው። እናትሽ ጋ ሂጂ አለኝ።»

«አታሎኝ ነው፣ ልጄ። አይቀዳም ብሎኝ…»

«እሱን ተይው፣ እማ። የአክስቴ ባል አውጥቶ እንደጣለሽ ለማያውቅሽ ሰው ስትነግሪ፣ ለኔ ምነው ኪራይ ኪራይ አልሽኝ?»

ሰፊዋ ካርቶኑን ስባ ከነፋስ የሚከለለውን ጎን ለቀቀችላት። ልጅቷ የሻንጣውን እጀታ እንደያዘች ቆማ ቀረች።