የዘርአብሩክ የቀን እንቅልፍ

"ሰማይ ላይ እያለን ዘርአብሩክ ይዘፍንልን ነበር" አለ ስዩም፣ ዳቦውን በእጁ እንደያዘ። "አብራሪው ይቆጣል፤ እሱ ግን ከቁብ አይቆጥረውም። ቦምቡን ጥለን ስንመለስ ብርቱካን ልጦ ለሦስት ያካፍለናል። ወሬውማ አያልቅም።"

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሳቀ። ቆንጂት አልሳቀችም። ባሏ ዘርአብሩክ ከሞተ ዛሬ ዐርባው ነው። ይህ ሽማግሌ በወጣትነታቸው በአንድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብሮት የዘመተ ጓደኛው ነው፤ ጠዋት ድንበሩን ተሻግሮ መጣና ስለማታውቀው ሰው ይነግራት ጀመር። እሷ ያገባችው ዘርአብሩክ እዚህ ማንያታ ሰፈር ውስጥ ጎማ ሲጠግን ውሎ የሚገባ፣ ከ"እንዴት ዋልሽ" ሌላ ቃል የሚከብደው ሰው ነበር። ስለ ጦርነቱ ስትጠይቀው "ተይው" ይላታል። ብርቱካን ስታቀርብለት ገፋ ያደርገዋል።

"ዋላሂ፣ ዘሬ ይዘፍን ነበር?" አለች ጎረቤቷ ሃዋ፣ ሻይ እየቀዳች። "ቆንጂት፣ አንቺ ሰምተሻል?"

"እንዴታ" አለች። ዋሸች። ቅናቱ እንደ ቃር ደረቷ ላይ ቆሟል። ያስቀናቻት ሴት ብትሆን ፀጉሯን ትነጭላት ነበር፤ ሽማግሌን ምን ያደርጉታል? ሳቁን ለእነሱ ጨርሶ ዝምታውን ለእኔ አመጣው ብላ ሟቹንም ተቀየመችው።

ሰዉ ሲቀንስ ስዩም ወደ ጓሮ ተከትሏት ወጣ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"ቆንጂት፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘርአብሩክ ይተኛ ነበር?"

"እንዴት ማለት?"

"ከጦርነቱ በኋላ እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ቦምቡን ስንጥል ከታች የነበሩት ሰዎች ይመጡበታል። ተራ ገብተን አጠገቡ እንቀመጥ ነበር፤ አልሆነም። እኔም እስከ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም።"

ቆንጂት ዞር ብላ አየች። ከኒሙ ዛፍ ሥር የጠፍር አልጋው ከነትራሱ እንደነበረ አለ። ዘርአብሩክ ከምሳ በኋላ እዚያ ጋደም ይልና፣ እሷ አጠገቡ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም፣ የከባድ መኪና ጥሩምባ እንኳ ሳይቀሰቅሰው ያንኮራፋ ነበር። ከተነሳች ይነቃል። "ሥራ አስፈታኸኝ" እያለች ስታጉረመርምበት ነው የኖረችው።

"እንደ ሕፃን" አለች በመጨረሻ። "እዚህ ነበር የሚተኛው። እኔ ምስር ስለቅም።"

ስዩም አልጋውን ትክ ብሎ አየ። "ታድሎ" አለ፤ ድምፁ ውስጥ የራሷን ቅናት ሰማችው።

ደስ አላት፤ ደስ ማለቷም አሳፈራት።

"በሉ እርስዎም ጋደም ይበሉ" አለችው። "ምስሬን ይዤ ልምጣ።"

የዘርአብሩክን ትራስ ግን ከአልጋው አንስታ በብብቷ ይዛ ወደ ቤት ገባች፤ ስትመለስ ከምስሩ ጋር የእንግዳ ትራስ አመጣችለት።